የወይዘሮ የሻረግ ግራ ዓይን

ሚኒባሱ ወልድያን ለቆ ቁልቁል ሲወርድ ናጅዋ ሁለቱን ሸራዎች በጉልበቶቿ መሃል ጥብቅ አድርጋ ይዛ ሾፌሩን በልቧ ትረግመው ነበር። ሰውየው ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን መያዝ የሚያሳፍረው ይመስላል። ረዳቱም ከወልድያ መናኸሪያ ገና ሳይነሡ «እቃው ከላይ ይጫን» እያለ አድርቋት ነበር፤ «እርጥብ ነው ስልህ፣ ቀለሙ አልደረቀም!» ብላ ስትጮኽበት ነው የኋላውን ወንበር የለቀቀላቸው።

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት ሰሞን ነበር። ጦርነቱ ወልድያን ከለቀቀ ዓመት አልፎታል። የተቃጠለ መኪና አሁንም እዚህም እዚያም መንገድ ዳር ቆሟል፤ ተሳፋሪው እያየ እንዳላየ ያልፈዋል።

ሸራዎቹ የታሰሩት ፊት ለፊት ነው። ያልደረቀ የዘይት ቀለም ሥዕል እንዲህ ነው የሚጓዘው፤ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ እንዳይነካኩ በየማዕዘኑ የእንጨት ቁራጭ ገብቶባቸው፣ ከውጭ በገመድ ይጠፈራሉ። አንደኛው ሸራ የናጅዋ ነው። ሁለተኛው አጠገቧ ተቀምጦ በመስኮት ማሽላ ማሽላውን የሚያየው የበረከት ነው። በሁለቱም ላይ የተሣለችው ሴት አንዲት ናት፤ ወይዘሮ የሻረግ፣ በንጉሡ ዘመን የሀብሩ ባላባት የነበሩት የፊታውራሪ አበጋዝ ባለቤት።

ሁለቱ የሻረጎች ከወልድያ ጀምረው በጨለማ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠዋል። ናጅዋ ይህን ስታስብ ይባስ ነደዳት። ከመስከረም እስከ ጥር የዚህን ልጅ ሥዕል ስታይ መክረሟ አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ሥዕሏ ሥዕሉን እያየ ይሄዳል።

«ልያዝልሽ?» አለ በረከት።

«ይቅርብኝ።»

«እጅሽ ይደክማል ብዬ ነው።»

«የደከመኝ እጄ አይደለም።»

በረከት ነገሩ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ዝም አለ። ይህም ሌላው የሚያናድዳት ነገር ነው። ሰው ሲቆጡት ቢቆጣ ምን ነበረበት?

ከፊታቸው የተቀመጡ ኩታ የለበሱ ሽማግሌ ዘወር አሉ። «ልጄ፣ የታቀፍሽው መስታወት ነው?»

«ሥዕል ነው አባባ።»

«የቅዱስ?»

«የሰው ነው። የወይዘሮ የሻረግ።»

«የፊታውራሪ አበጋዝ ባለቤት? መርሳ ያለችዋ?» ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ ዞሩ። «ልጅ ሆኜ አባቴ ለበዓል እጅ ሊነሣ ሲሄድ ይዞኝ ይገባ ነበር። ሥዕሏ ከበሩ ትይዩ ነው የተሰቀለችው። ወላዲተ አምላክን፣ ኩታዬን ሳላስተካክል በፊቷ ያለፍሁበት ቀን የለም! ከግድግዳ ወርዳ የምትይዘኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«ከእንግዲህ አያስፈራዎትም አባባ» አለ በረከት ፈገግ ብሎ። «አሁን ረጋ ብላለች።»

«አንተ ነህ ሠዓሊው? ተባረክ! እጅህ ይባረክ!»

ሽማግሌው ለናጅዋ ምርቃት አልተረፋቸውም። ሸራ የምትሸከም እህቱ መስላቸው ይሆናል። ናጅዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሲሪንቃ ተራሮች አየች። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሷም ታውቀዋለች፤ አንዳንድ ሌሊት «ያ አላህ፣ ይህን ነገር ከሆዴ አውጣልኝ» እያለች ትለምናለች፣ ጧት ስትነሣ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

ዛሬ መርሳ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። የወይዘሮ የሻረግ የልጅ ልጅ እትዬ ሙሉ በጦርነቱ ዓመት ሥዕሉን በማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀብረው አተረፉት። ተረፈ፤ ነገር ግን ቀለሙ ተሰነጣጠቀ፣ ጥግ ጥጉም ተላጠ። ዘመዶች አዲስ አበባ ላይ መክረው ሥዕሉ ወደዚያ ሄዶ ይጠገን፣ እዚያው ይቀመጥ አሉ። እትዬ ሙሉ «ግድግዳዬ ባዶ ሲቀር አላይም፣ መጀመሪያ አምሳያዋን አሠርታችሁ አምጡልኝ» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ወልድያ ወደ ጋሽ አያሌው የሥዕል ቤት መጣ፤ ጋሽ አያሌውም ሁለቱን ተማሪዎቻቸውን ፊቱ አስቀምጠው «ገልብጡ» አሏቸው። እትዬ ሙሉ የመረጡት ዛሬ በዚያው ምስማር ይሰቀላል። ሥዕሉ የተመረጠለት ደግሞ የሥዕል ቤቱን ቁልፍ ይረከባል። ጋሽ አያሌው ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ገና በታኅሣሥ ነው የተገፈፈላቸው፤ «እኔ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ ሰው እተቻለሁ እንጂ አልሥልም» ብለዋል።

ናጅዋ የምትፈልገው ያን ቁልፍ ነው። እናቷ ዓቢዳ ማክሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሶላቷን የማታጓድል ሴት ናት። «ሥራሽ ከሆነ ሥሪ፣ አልከለክልሽም፤ ግን ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ቤቴ አይገባም» ብላታለች፤ ቃሏም ቃል ነው። ናጅዋ ሸራ ዘርግታ የምትቀመጥበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ ጎንደር በር፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ ያለችው ያቺ አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ቁልፉ የበረከት ከሆነ በረከትን አስፈቅዳ ልትገባ ነው።

በዚያች ክፍል ደግሞ ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ቡሩሽ በማጠብ፣ ታፔላ በመጻፍ፣ የሙሽሮች ፎቶ አስፍታ በመሣል ዓመታት ቆጥራለች። የዘይት ቀለም ገና መጀመሯ ነበር፣ በረከት ሲመጣ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው፤ ልጁ ቡሩሽ የያዘው ማንኪያ ሳይዝ ነው ይባላል። ቀድሞ ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ ይበልጣል እንደሚባለው፣ ወር ሳይሞላው መንደርተኛው ሁሉ «ያ ልጅ» ማለት ጀመረ። እሷ «ልጅቷ» ነች፤ እሱ «ያ ልጅ»። ልዩነቱን የሰማው ያውቀዋል።

ጋሽ አያሌው ሲያስተምሩ አንድ ሕግ ነበራቸው። «መልክ የሚማር መጀመሪያ የሞተ ሰው ይገልብጥ፤ የሞተ ሰው አይነቃነቅም፣ አላማርኩም ብሎም አይቆጣም» ይሉና፣ «ስትገለብጡ ሁለት ነገር ብቻ እዩ፤ ሴትዮዋንና ሸራችሁን። ሦስተኛ ነገር ካያችሁ ጠፋችሁ» ይላሉ። በካሬ መስመር ከፋፍለው ንድፉን ካስተካከሉላቸው በኋላ ግን ዓይናቸው ታመመና ወጥተው ቀሩ። ናጅዋና በረከት ከወይዘሮ የሻረግ ጋር ለብቻቸው ሆኑ።

ናጅዋም ሦስተኛውን ነገር አየች። አንዴ አየችና ልማድ ሆነባት። ወይዘሮ የሻረግ ጭስና ዘመን ጠጥታ ጠቁራለች፤ የበረከት ሸራ ደግሞ መስኮት ሥር ብርሃን በብርሃን ሆኖ ይጠራል። የግንባሩን ቀለም ምን ቀላቀለበት? የአፍንጫውን ጥላ ምን አድርጎ አለሰለሰው? እሷ አንድ ጊዜ ወደ ሴትዮዋ ካየች ሦስት ጊዜ ወደ እሱ ታያለች። እሱ ቀይ ሲጨምር ትጨምራለች፤ ሲፍቅ ትፍቃለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ዓይኗ ላይ የሚቀረው የእሱ እጅ ነው።

አንድ ሳምንት ብቻ ከዚህ አረፈች። በገና በረከት ከአባቱ ጋር ላሊበላ ወጣ። ሸራውንም ሸፍኖት ሄደ። ናጅዋ መጀመሪያ ቀን ጨርቁን ገልጣ ልታይ እጇን ሰድዳ ነበር፤ አፍራ መለሰችው። በዚያ ሳምንት ከወይዘሮ የሻረግ ሌላ የምታየው አልነበራትም። ጥቁሩን የሐር ካባ ከነወርቅ ዘቦው ሠራችው። ጉልበት ላይ ያረፉትን እጆች ከነቀለበታቸው ሠራቻቸው። ወደ ጎን ዘወር ያለውን ፊትና በአፍንጫው ማዶ በጥላ ውስጥ የቀረውን ግራ ዓይን ሠራችው። ዓይኑ ጠበብ ያለ ነው፤ ቆቡ ግማሹን ከድኖታል። እንዳየችው አስቀመጠችው። ቀለሙም በጊዜው ደረቀ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሥዕሎቹ ሊታሰሩ ሲሉ ጎረቤታቸው ሻይ ሻጯ ሲቲ ኩባያ ልትሰበስብ ገባችና ከበረከት ሸራ ፊት ደርቃ ቀረች። «ወይ ጉድ! ዓይኗ! እዩልኝ ዓይኗን፣ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ያዩኛል!» አለች። ብረት በያጆቹን ጠራቻቸው። ሁሉም መጥተው አጨበጨቡ። ከዚያ ሲቲ ለይሉኝታ ያህል ወደ ናጅዋ ሸራ ዞረች። «ያንቺም ቆንጆ ነው እህቴ። ብቻ ይቺኛዋ ምነው ተቆጣች?»

ሰዎቹ ወጡ፤ በረከትም ገመድ ሊገዛ ወጣ። ናጅዋ ቡሩሽ አነሣች። ወደ ወይዘሮ የሻረግ ልትመለከት አትችልም ነበር፤ ጋሽ አያሌው ሥዕሉን አንድ ቀን ቀድመው ወደ መርሳ መልሰውታል። ቢኖርም አትመለከትም ነበር። የበረከትን ሥዕል እያየች የግራውን ዓይን ቆብ ከፍ አደረገችው፣ ነጩን አሰፋችው፣ ብርሃን ጠብ አደረገችበት። ሲያልቅ ዓይኑ ቁልጭ ብሎ አያት። አሁን እኩል ነን፣ አለች በልቧ።

ሲሪንቃ ሲደርሱ አንዲት ላም መንገዱ መሃል ገባች፤ ሾፌሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን የተባለውን ነገር አስታወሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተወረወረ። ናጅዋ በጉልበቷም በክንዷም ሸራዎቹን ስታቅፍ አውራ ጣቷ በበረከት ሸራ ጀርባ፣ መሃል ለመሃል አረፈ። ሸራ ምንድን ነው? ጨርቅ ነው። ጠንከር አድርጋ ብትገፋው የሱ የሻረግ ፊት ሄዶ ይለጠፋል። «መኪናው ነው» ማለት ይበቃታል፤ ስንት ምስክር አላት።

ጣቷን አነሣች። ከደግነት እንዳይመስላችሁ። የእሱ ፊት ሄዶ የሚለጠፈው በእሷው ላይ ነው።

መርሳ ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘው ከብርቱካን አትክልቶቹ ዳር ወዳለው የፊታውራሪ ቤት ሄዱ። ቤቱ ባለ እንጨት ሰገነት፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ግን ገና ወገቡን ያልሰበረ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ የአዲስ አበባ ታርጋ የለጠፈ ነጭ መኪና ቆሟል። የእትዬ ሙሉ ወንድም ልጅ እስራኤል ሥዕሉን ሊወስድ መጥቷል፤ ስልኩን እያየ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል።

እትዬ ሙሉ በነጭ ቀሚስና በነጠላ፣ በከዘራ ተደግፈው በር ላይ ተቀበሏቸው። «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ። እንደምን አረፈዳችሁ? አያቴን ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»

«ይመስገን እትዬ። እርስዎ እንደምን አሉ?» አለ በረከት ጎንበስ ብሎ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን እትዬ» አለች ናጅዋ።

ጋሽ አያሌው ሳሎን ውስጥ በአዲሱ መነጽራቸው ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። እውነተኛዋ ወይዘሮ የሻረግ ከበሩ ትይዩ በቦታዋ ተሰቅላለች። ናጅዋ ገመዱን ፈታች። ሁለቱ ሸራዎች ተላቀቁ፤ ቀለማቸው ደህና ነው። ጋሽ አያሌው ሁለት ወንበር ስበው አንዱን በአሮጌው ሥዕል ቀኝ፣ ሌላውን በግራው አደረጉና ሸራዎቹን አቆሟቸው።

ቀድመው የጮኹት እትዬ ሙሉ ናቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! አያቴ ሁለት ዓይን አወጣች!» ከዘራቸውን ጥለው የበረከትን ጭንቅላት ይዘው ግንባሩን ሳሙት። «ዕድሜ ልኬን ግማሽ ዓይን ሆና ስታየኝ! እግዜር ይስጥህ!»

ጋሽ አያሌው አልሳቁም። ወደ በረከት ሸራ ተጠጉ፣ ወደ አሮጌው ተመለሱ፣ እንደገና ተጠጉ። «በረከት፣ ይህን ግራ ዓይን ከየት አመጣኸው?»

በረከት አንገቱን ደፋ። «ከአባቴ ነው ጋሼ። እኛ ዘንድ ደግ ሰው በግማሽ ዓይን አይሣልም። በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ሴትዮዋ ምን አድርገው ነው ከእነሱ ጋር የምደምራቸው ብዬ ትንሽ... ገለጥ አደረግሁላቸው።»

«አዎ» አሉ ጋሽ አያሌው። «የአባትህ ልጅ ነህ። ስሕተት ነው፤ ግን ያንተ ስሕተት ነው።» ከዚያ ወደ ሌላው ወንበር ዞሩ። ናጅዋ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ያ ስሕተት በእሷም ሸራ ላይ አለ።

«ናጅዋ፣ እነዚህን እጆች የሣላቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ካባውንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እጅ ሥዬ አላውቅም፤ ማስተማሬ እንኳ አይመስለኝም። ደም አለው። ቀለበቱ ጣቷን ሲያጠብቃት ይታያል።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ዓይኗንስ?»

ናጅዋ ውሸት ፈለገች። በሆዷ ያለው ውሸት ሁሉ ሸሽቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ አታውቅም፤ አባቷ ሠዓሊ አይደለም፤ ይሁዳ በስንት ዓይን እንደሚሣል ዛሬ ገና መስማቷ ነው። ያን ዓይን ልትከፍት የምትችልበት ምክንያት በምድር ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም አጠገቧ ቆሟል።

«እሱ ነው» አለች።

እስራኤል ከበሩ ላይ «እትዬ፣ እንዳይመሽብን» አለ።

«ተዋት ልጅቷን፣ አያሌው» አሉ እትዬ ሙሉ የናጅዋን ፊት አይተው። «ዓይኑ ቢገለጥ ምን ክፋት አለው? እኔ የማውቀውን ብታውቁ እናንተም ትገልጡት ነበር።» ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ለእንግዳ ጥላ ነው እንላለን። ጥላ አይደለም። ሠዓሊው ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ነበር፤ ፊታውራሪ ናቸው ያስመጡት። የዚያን ጊዜ ቅምጥ ነበረቻቸው፣ ልጅ እግር፣ እሳት የመሰለች። ቀጥሎ የምትሣለው እሷ ነበረችና ትመልከት ብለው አምጥተው ከሠዓሊው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀመጧት። አያቴ እዚህ፣ ሠዓሊው እዚያ፣ ያቺ ከበስተኋላው። እንግዲህ አያቴ ምን ታይ?»

ሁሉም ወደ ግድግዳው አዩ። ሴትዮዋ በካባና በድሪ ተሞሽራ፣ ፊቷን ወደ ሠዓሊው ለመስጠት ስትታገል፣ ግራ ዓይኗ ግን አምልጧት ነበር። ጠቦ፣ ተከድኖ፣ ከሠዓሊው ትከሻ ማዶ አንዲት ሴት ይዟል።

«ቅናት ነው» አሉ እትዬ ሙሉ። «ሠዓሊው ያየውን ሣለ። ፊታውራሪ ይቃጠል አሉ። እሷ ናት «ይሰቀል፤ ያየሁትን ያየሁበትን ዓይን ይየው» ብላ ያሰቀለችው። እናቴ በዚያ ዓይን ሥር አደገች፣ እኔም አደግሁ። አሁን ይህ ልጅ ገላገላት። ከቅናት ወጥታ ትረፍ።»

ናጅዋ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ስንት ወር ከዚያች ሴት ፊት ተቀምጣለች! በወልድያም በመርሳም በዚያ ዓይን ውስጥ ያለውን ነገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አውቃውም ነበር፤ በላሊበላው ሳምንት እጇ አውቆት፣ እንዳየችው አስቀምጣው ነበር። ከዚያ በቅናት ታውራ በቅናቱ ላይ የሰው ደግነት ቀባችበት። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ሳቂ ሳቂም አላት።

ከቦርሳዋ የተርፔንታይን ጠርሙሷንና ጨርቅ አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ በረከት።

«ዝም በላት» አሉ ጋሽ አያሌው።

ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ጠቀለለችው፣ በትንሹ ነከረችው፣ ሸራዋ ፊት ተንበረከከች። የትናንቱ ቀለም ከደረቀው በላይ ገና እርጥብ ነው። በመጀመሪያ ጠረጋ የብርሃኑ ጠብታ ሄደ። በሁለተኛው ነጩ ሄደ። ጨርቁን ገለበጠችና ቆቡን ከአፍንጫው ወደ ጆሮው በቀስታ ጠረገችው። የበረከት ዓይን ተነሥቶ በጨርቁ ላይ ግራጫ እድፍ ሆነ። ከሥሩ የገናው ሳምንት ዓይን፣ ደርቆ፣ ምንም ሳይሆን ወጣ። ጠቧል፤ ተከድኗል፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ይፈልጋል።

ናጅዋ ከጉልበቷ ተነሥታ ወደ ጎን ቆመች።

እትዬ ሙሉ ወደ ሸራው ቀና አሉ። ግራ እጃቸው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ነጠላ መለሰና አስተካከለው። ማስተካከላቸውን ሲያውቁት ደነገጡ፤ ዓይናቸውም እንባ ሞላ። «ወይኔ እማማ» አሉ ቀስ ብለው። «ትሄጃለሽ ስል እዚሁ ነሽ?»

ጋሽ አያሌው ነጠላው ሲስተካከል አይተዋል። ለእሳቸው ምርጫው ያ ነበር። አሮጌውን ሥዕል ከምስማሩ አውርደው ለእስራኤል ሰጡት፤ ምስማሩን በመዳፋቸው ነቅነቅ አድርገው አጠኑት፤ የናጅዋን ሸራ አንሥተው ሰቀሉት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የሥዕል ቤቱን ቁልፍ አውጥተው በእጇ አስያዟት። እጇ ተርፔንታይን ይሸት ነበር።

«ሦስተኛ ነገር አትዪ» አሏት።

እስራኤል አሮጌዋን ወይዘሮ የሻረግን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አስገባና ሄደ። እትዬ ሙሉ እስከ በሩ ሸኙና ተመልሰው ከአዲሷ ትይዩ ተቀመጡ። ለበረከት ደጋግመው «ያንተዋም ቆንጆ ናት የኔ ልጅ፣ መልአክ ናት» አሉት። በረከት «ይመስገን እትዬ» አለ። ጋሽ አያሌው ለምሳ ቀሩ፤ ሁለቱ ግን በብርሃን ወልድያ ለመግባት ተነሡ።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ የታሰረ ነገር አልነበረም። በረከት ሸራውን በጉልበቱ ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ፊት ለፊት የሚጠፈርበት ጓደኛ ስለሌለው ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮታል። መርሳን ለቀው ብዙ ሄደዋል።

«ያን ዓይን መቼ ነው የሣልሽው?» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ላሊበላ እያለህ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

በረከት ራሱን ነቀነቀና ወደ ፊት ተመለከተ። ናጅዋ ቁልፉን በጣቷ እያዞረች በመስኮት ትመለከት ነበር፤ ሲሪንቃ ላይ አንድ ጊዜ ዘወር ስትል ቁልፉን የያዘውን እጇን ሲያይ ያዘችው። ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፤ ዓይኑ ግን አምልጦት ወደ እሷ ዞሮ፣ ጠቦ፣ ቆቡ ግማሹን ከድኖት ነበር። ቶሎ መለሰው። ናጅዋ ያን አስተያየት አወቀችው፤ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ የእሷ ነበር።